የቃርና የባሬት ክትትል በአንድ የጅማ ክሊኒክ፦ የአንድ ዓመት ተገልጋይ ግምገማ

የምገመግመው በጅማ ከተማ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የግል ክሊኒክ ለአንድ ዓመት ያህል የተከታተልኩትን አገልግሎት ነው። በታፔላው ላይ «የተቀናጀ የቃርና የጨጓራ ክትትል» የሚል ተጽፎበታል፤ የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ የሥነ ምግብ ባለሙያና የአተነፋፈስ ልምምድ የሚያሳይ ፊዚዮቴራፒስት በአንድ ክፍያ ያገናኛል። የክሊኒኩን ስም አልጠቅስም፤ የማመሰግንበትም የምወቅስበትም ነገር ስላለኝ ስሙ ቢነሳ ግማሹ ማስታወቂያ፣ ግማሹ ክስ ይሆንብኛል። ለአንባቢ የሚጠቅመው ደግሞ አሠራሩ እንጂ ታፔላው አይደለም።

ስለ ራሴ ጥቂት ልበል፤ አለዚያ ምዘናዬ ከየት እንደመነጨ አይታወቅም። ዕድሜዬ 58 ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ ሲጋራ ካቆምኩ 9 ዓመት ሆኖኛል፤ ከዚያ በፊት ግን መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጫት ጋር፣ በኋላም ያለ ጫት ከሃያ ዓመት በላይ አጭሻለሁ። ቃር የጀመረኝ በአርባዎቹ መግቢያ ላይ ሲሆን እንደ አብዛኛው ሰው «ጨጓራዬ ነው» ብዬ አለፍኩት። በእኛ ዘንድ ከደረት ዝቅ ብሎ የሚያም ነገር ሁሉ ጨጓራ ነው፤ ቃሩም፣ ቁስለቱም፣ የሐሞት ጠጠሩም፣ አንዳንድ ጊዜ የልብ ሕመሙ ጭምር በዚህ አንድ ስም ይጠራል። በዚሁ ስም የተነሳ በተለያየ ጊዜ ሦስት ጊዜ «የባክቴሪያው» መድኃኒት ታዝዞልኝ ወስጃለሁ። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የጨጓራ ቁስለትንና የጨጓራ ካንሰርን ስለሚያስከትል ሲገኝ መታከሙ ተገቢ ነው፤ ከጨጓራ ወደ ላይ እየተመለሰ የሚያቃጥለውን አሲድ ግን አያስቆመውም፤ የእኔም ቃር ከእያንዳንዱ ሕክምና በኋላ ተመልሶ መጥቷል።

በመጨረሻ በሌላ ተቋም ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ የሚደረግ ምርመራ፣ ተደረገልኝ። ነጣ ያለ ሮዝ መሆን የነበረበት የምግብ ቧንቧዬ ሽፋን ከጨጓራው መጋጠሚያ በላይ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀልቶ ተገኘ፤ ከቦታው የተወሰዱት ናሙናዎችም ወደ ፓቶሎጂ ተልከው «ኢንቴስቲናል ሜታፕሌዥያ አለ፣ ዲስፕሌዥያ የለም» የሚል ውጤት ይዘው ተመለሱ። ይህ ማለት የባሬት ኢሶፋገስ ማለት ነው፤ ለዓመታት በአሲድ የታጠበው የቧንቧ ሽፋን የራሱን ሕዋሳት ትቶ አንጀት የሚመስሉ ሕዋሳትን አብቅሏል፤ ወደ ካንሰር የሚያመራው ዲስፕሌዥያ የተባለው ለውጥ ግን ገና አልታየበትም። ስያሜው በአውስትራሊያ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር ከሠራው ከቀዶ ሐኪሙ ኖርማን ባሬት የመጣ ነው። የሚገርመው ባሬት እ.ኤ.አ. በ1950 ስለዚህ ነገር ሲጽፍ ያየው የምግብ ቧንቧ ሳይሆን ወደ ደረት የተሳበ ጨጓራ ነው ብሎ መከራከሩ ነው፤ ሌሎች ሐኪሞች ቧንቧው ራሱ መሆኑን ካሳዩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1957 ሐሳቡን ቀየረ፤ ስሙ ግን እዚያው ቀረ። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ደስ ይላቸዋል።

ውጤቱን እንደያዝኩ የፈራሁት ካንሰርን ነበር። ዲስፕሌዥያ የሌለበት ባሬት ወደ ካንሰር የሚለወጥበት ዕድል በዓመት ከ0.2 እስከ 0.5 በመቶ ያህል እንደሆነ፣ ማለትም ከ1,000 ታማሚዎች በዓመት ከ2 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ እንደሚደርስ የተረዳሁት እዚሁ ክሊኒክ ነው። ዘመዶቼ ሲሰሙ ወዲያው ያነሱልኝ በአርሲና በባሌ በብዛት የሚታየውን የጉሮሮ (የምግብ ቧንቧ) ካንሰር ነበር፤ ያኛው ግን በአብዛኛው ስኳመስ የሚባል ሌላ ዓይነት ሲሆን ከባሬት የሚነሳ አይደለም። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ወይ ያለ ቦታው ይደነግጣል፣ ወይ ያለ ቦታው ይረጋጋል።

ወደ አገልግሎቱ ልመለስ። የመጀመሪያው ቀጠሮ ዘለግ ያለ ነበር፤ ሐኪሙ ከአርባ ደቂቃ በላይ ጠየቀኝ፤ እኔም በሕይወቴ እንደዚያ ተጠይቄ አላውቅም። በቅድሚያ ሊያሳስቡ የሚገቡ ምልክቶችን አጣራ፦ ምግብ ሲዋጥ መተናነቅ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ደም ማስመለስ፣ የጠቆረ ሰገራ፣ የደም ማነስ። እነዚህ ካሉ ክሊኒኩ ክትትል አይጀምርም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይልካል። ይህን ደንብ አድርገው መያዛቸው ለእኔ ከፍተኛ ነጥብ የሰጠሁበት ጉዳይ ነው።

ከዚያ «ቲቸር፣ ኦሜፕራዞሉን በስንት ሰዓት ነው የሚወስዱት?» አለኝ። «ሲያመኝ» አልኩት። ከእራት በኋላ፣ ቃሩ ሲነሳ፣ አንዳንዴም በእኩለ ሌሊት እወስድ ነበር። ሐኪሙ ወረቀት አውጥቶ ሥዕል ሣለልኝ፤ ይህች ሥዕል ለእኔ የዓመቱን ክፍያ ታህል ነበር። ኦሜፕራዞል ሲዋጥ ገና ሥራ የጀመረ መድኃኒት አይደለም። በአንጀት ገብቶ፣ በደም ተጉዞ፣ አሲድ ወደሚያመርቱት የጨጓራ ሕዋሳት ሲደርስ እዚያው ባለው አሲድ ይለወጥና አሲድ የሚያወጣውን ፓምፕ በሰልፈር ትስስር ጠፍሮ ይይዘዋል። በደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ሲሆን የታሰረው ፓምፕ ግን እንደታሰረ ስለሚቀር ሥራው ይረዝማል። ችግሩ የሚሠሩት ፓምፖች የሚበዙት ምግብ ሲመጣ መሆኑ ነው፤ ተኝተው ያሉትን መድኃኒቱ አያገኛቸውም። ስለዚህ ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ መዋጥ ያስፈልጋል፤ በካፕሱሉ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን እንክብሎችም ከጨጓራ አሲድ የሚከላከል ሽፋን ስላላቸው መፈጨት ወይም መታኘክ የለባቸውም። ለብዙ ዓመታት መድኃኒቱን እየወሰድኩ ግማሽ ጥቅሙን ሳባክን እንደኖርኩ የገባኝ ያን ቀን ነው። አሲድና ቤዝ ሳስተምር ላረጀሁ ሰው ትንሽ አሳፋሪ ነበር።

መጠኑንም በቀን ሁለት ጊዜ አደረገልኝ፤ ለምን ብዬ ስጠይቅ እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት ጠቀሰልኝ። በብሪታንያና በካናዳ ከ2,500 የሚበልጡ የባሬት ታማሚዎች ወደ 9 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የተከታተሉበት ይህ ጥናት ከፍ ያለ መጠን ያለው ኢሶሜፕራዞል (የኦሜፕራዞል የቅርብ ዘመድ) ዝቅ ካለው መጠን የተሻለ እንደሆነ፣ አስፒሪን ሲጨመርበትም ጥቅም እንደታየ ያሳያል። ወዲያው ግን «አስፒሪኑን በራስዎ እንዳይጀምሩ፤ ያደማል» አለኝ። ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የቫይታሚን ቢ12 እና የማግኒዝየም መጠን ሊወርድ እንደሚችልም ሳይደብቅ ነግሮኝ በዓመቱ መጨረሻ ምርመራ አዘዘልኝ። የመድኃኒቱን ጥቅምና ጉዳት በአንድ ትንፋሽ የሚናገር ሐኪም ማግኘት ቀላል አይደለም።

ከአገልግሎቱ ሁሉ የላቀው ግን የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ሥራ ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የተማረች ወጣት ናት፤ ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ አውጥቶ በማስተማር የሚታወቀው የዚህ ዩኒቨርሲቲ ጠባይ በአነጋገሯ ይታያል። የተከለከሉ ምግቦችን ዝርዝር አልሰጠችኝም። በምትኩ ሁለት ሳምንት ሙሉ የበላሁትን፣ የበላሁበትን ሰዓትና ቃሩ የተነሳበትን ጊዜ እንድጽፍ ደብተር ሰጠችኝ። እኔ በርበሬን ስከስ ኖሬ ነበር፤ ደብተሩ የመሰከረው ግን በርበሬው ላይ ሳይሆን በእራቱ ሰዓትና በመጠኑ ላይ ነበር። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ በልቼ አራት ሰዓት ላይ በተኛሁባቸው ቀናት ሁሉ ማለት ይቻላል ቃር ነበረብኝ፤ ቀትር ላይ የበላሁት ቀይ ወጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አላደረገኝም። እራት ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ተመለሰ፤ ከመኝታ በፊት ሦስት ሰዓት ያህል ባዶ እንዲሆን ተደረገ።

ስለ እንጀራ ያደረግነው ውይይት እንደ መምህር ደስ አሰኝቶኛል። ለሁለት ሦስት ቀን የቦካ ሊጥ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ4 በታች ይወርዳል፤ ስለዚህ ሰው «እንጀራ አሲድ ነው፣ ተው» ይላል። የጨጓራ አሲድ ግን ፒኤቹ ከ1 እስከ 2 ስለሚደርስ እንጀራው ወደዚያ ገብቶ የሚጨምረው አሲድ የለም፤ የሚያስቸግረው የቆሰለ ቧንቧ ላይ ሲያልፍ መቆጥቆጡና በብዛት ሲበላ ጨጓራን መወጠሩ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አፍለኛ እንጀራ፣ ቅንጬ፣ የአጃ አጥሚትና የተቀቀለ ጎደሬ እንድበላ፣ ወጡም ዘይትና ቅቤው እንዲቀንስ አደረገች። ከዚያ በኋላ ወደ መደበኛው እንጀራ ተመለስኩ፤ ችግር አላመጣብኝም። አቮካዶ ግን በጅማ በየጓሮው ስላለ ብቻ ጤና ነው ብዬ ማታ ማታ አንድ ሙሉ ስበላ እንደነበር ደብተሩ አጋለጠኝ፤ ስብ የበዛበት ነገር ጨጓራ ቶሎ እንዳይወርድ ስለሚያደርግ ወደ ቁርስ ተዛወረ።

ቡናን በተመለከተ በዚህ ከተማ ሰው ፊት «ተው» ማለት ድፍረት ይጠይቃል። እሷም አላለችም። ቡና በሁሉም ሰው ላይ ቃር እንደሚያመጣ የሚያሳየው መረጃ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በራስ ደብተር መፈተን ይሻላል። የእኔ ደብተር ባዶ ሆድ ላይ የተጠጣው አቦል እንደሚጎዳኝ፣ ከቁርስ በኋላ የተጠጣው ግን እንደማይጎዳኝ አሳየ። ሌላ ያነሳችው ነጥብ የሙቀቱ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ቡናን ራሱን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር አውጥቶ፣ ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እየፋጀ የሚጠጣ ማንኛውንም መጠጥ ግን ለምግብ ቧንቧ ካንሰር ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ብሎ መድቦታል። ከጀበና እንደወረደ መጠጣት የለመደ ሰው ስኒውን ጥቂት አስቀምጦ ቢያበርደው የሚያጣው ነገር የለም። ስለ ጫትም ያለ ተግሣጽ ጠየቀችኝ፤ ጫት ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወርድ እንደሚያደርግ አስረድታ አብሮት የሚመጣውን የለስላሳ መጠጥና የዘገየ እራት ደብተሬ ላይ አስጻፈችኝ። ጫቱን ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ነገር ግን ይህን ጥያቄ ያለ ፍርድ የሚጠይቅ ሰው በሌሎች ቦታዎች አላጋጠመኝም።

ጾምን የያዘችበት መንገድ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እቆያለሁ። ጎረቤታችን ሐጂ ደግሞ በዚያው ክሊኒክ ይከታተላሉ፤ የእሳቸውን የረመዳን አወሳሰድ ስንጫወት ነገሩኝ። ለእኔ የመጀመሪያው እንክብል ጾሙ በሚፈታበት ሰዓት በውሃ ተውጦ ምግቡ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንዲቀርብ፣ ሁለተኛው ከምሽቱ ቀለል ያለ እራት በፊት እንዲሆን ተደረገ። ሐጂ ደግሞ በተምርና በውሃ አፍጥረው እንክብሉን ይውጣሉ፤ መግሪብ ሰግደው ሲመለሱ ግማሽ ሰዓቱ ስለሚሞላ ዋናውን ምግብ ያኔ ይበላሉ፤ ሁለተኛውን ከሱሁር በፊት ነቅተው ይወስዳሉ፤ ሱሁር በልቶ ወዲያው መተኛቱንም ተከልክለዋል። ለሁለታችንም ሕመሙ ቢጠናብን ከሃይማኖት አባቶቻችን ጋር እንድንመካከር ተነግሮናል። ሌላ ቦታ የሰማሁት «በጾም ጊዜ መድኃኒቱን ተወው» ወይም «ጾሙን ተወው» የሚል ብቻ ነበር።

የአተነፋፈስ ልምምዱን በጥርጣሬ ነበር የጀመርኩት። ጨጓራና የምግብ ቧንቧ የሚገናኙበት በር የሚዘጋው በራሱ ጡንቻ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ባለው በድያፍራም (ደረትን ከሆድ በሚለየው የመተንፈሻ ጡንቻ) ጭምር ስለሆነ፣ ድያፍራምን በሆድ በመተንፈስ ማጠንከር በሩን ያግዛል የሚል ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በኦስትሪያ የተደረገ አነስተኛ ጥናት ልምምዱ አሲዱን እንደቀነሰ አሳይቷል። በቀን ሠላሳ ደቂቃ ይፈልጋል፤ እኔ አሥራ አምስት ነው የምችለው። ጠቅሞኛል ብዬ አምናለሁ፤ ከሌሎቹ ለይቼ ግን አልመሰክርለትም። የፊዚዮቴራፒስቱ ክፍል ጠባብና ጫጫታ የሚገባበት መሆኑን ደግሞ ሳልጠቅስ አላልፍም።

ከሁሉ ርካሽ የሆነው ምክር የአልጋ ራስጌን ከፍ ማድረግ ነበር። ትራስ መደራረብ ሆድን አጥፎ ስለሚጫን አይሆንም፤ አልጋው ራሱ ከራስጌው በኩል ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር መነሳት አለበት። ጅማ በእንጨት ሥራ የታወቀች ከተማ ናትና አንድ አናጢ ዘንድ ሄጄ የአልጋው እግር የሚገባበት ጎድጓዳ ያላቸው ሁለት ጉማጅ እንጨቶች አስቀረጽኩ። ባለቤቴ ለአንድ ሳምንት ወደ ግርጌ እየተንሸራተትኩ ነው ብላ አጉረመረመች፤ ከዚያ ለመደችው። በግራ ጎን መተኛትም ጨጓራውን ከቧንቧው ዝቅ ስለሚያደርገው ረድቶኛል። ሌሊት ተነስቼ ወተት ፍለጋ መውጣት የቀረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ወተትም ቢሆን ለጊዜው አብርዶ ቆይቶ አሲድ የሚያስጨምር እንደሆነ አሁን አውቃለሁ።

አሁን ወደ ወቀሳዬ ልምጣ። በክፍያ መስኮቱ አጠገብ ባለ መደርደሪያ ላይ ክሊኒኩ በነጭ የፕላስቲክ ዕቃ የታሸገ የዕፅዋት ዱቄት ይሸጣል። በአራተኛው ወር፣ ቃሩ በጣም ቀንሶልኝ ሳለ፣ ገንዘብ ስከፍል የነበረችው ሠራተኛ «ቲቸር፣ ይኼን ሦስት ወር ቢወስዱ ቧንቧውን ያጸዳልዎታል፤ ኦሜፕራዞሉንም ያቆማሉ» አለችኝ። በዚያው ቤት ስለሚሸጥ ሐኪሙ የሚያውቀው መሰለኝና ገዛሁ፤ መድኃኒቱንም በአንድ ጊዜ አቆምኩ። በአራተኛው ቀን ያቃጠለኝ ቃር በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ አይቼው የማላውቀው ነበር። እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ የፕሮቶን ፓምፕ አጋጅ የሆኑ መድኃኒቶች ለወራት ተወስደው በድንገት ሲቆሙ ጨጓራ ለጊዜው ከቀድሞውም የበለጠ አሲድ እንደሚያመነጭ የታወቀ ነው፤ በቀስታ መቀነስ ያስፈልጋል፤ ባሬት ላለበት ሰው ደግሞ ጭራሹን ማቆም የሚመከር አይደለም።

ዕቃውን አገላብጬ ሳየው ዝንጅብል፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድና የሊኮሪስ ሥር ይላል፤ መጠናቸው አልተጻፈም። እኔ የደም ግፊት ታማሚ ነኝ፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እወስዳለሁ። ሊኮሪስ ግሊሲሪዚን የሚባል ንጥረ ነገር ካልወጣለት በስተቀር የደም ግፊትን ከፍ፣ በደም ውስጥ ያለውን ፖታስየም ዝቅ ያደርጋል፤ የእኔ የግፊት መድኃኒትም ፖታስየም የሚያወርድ ስለሆነ ሁለቱ በአንድ ላይ ልብን ሊያውኩ ይችላሉ። ለሐኪሙ ስነግረው ደነገጠ፤ ግፊቴን ለካ፣ ደም ታየ፣ ዱቄቱን ወዲያው አስቆመኝ፤ በመዝገቤም ላይ ጻፈው። መደርደሪያው ግን እዚያው ቀረ። «የተቀናጀ» የሚለው ቃል አንዱ የሚሰጠውን ሌላው ያውቃል ማለት ካልሆነ ሦስት ባለሙያዎችን በአንድ ደረሰኝ ማስከፈል ብቻ ይሆናል፤ በዚህ ነጥብ ላይ ክሊኒኩ ወድቋል።

ዕፅዋትን የምጠላ ሰው መስዬ እንዳልታይ ተልባን ልጥቀስ። ከሂርማታ ገበያ ገዝተን፣ ቆልተን፣ ፈጭተን፣ በውሃ በጥብጠን የምንጠጣው ተልባ ለሚቃጠል ደረት ልስላሴ እንደሚሰጥ እናቴም አያቴም ያውቁ ነበር። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ አልከለከለችኝም፤ ያለችኝ «ዝልግልጉ መድኃኒቱን እንዳይዝብዎት ከእንክብሉ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያራርቁት፤ ስኳርም አይጨምሩበት» ብቻ ነው። አብሽንም በሚመለከት እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት ከምግብ በፊት የተወሰደ የአብሽ አሰር (ፋይበር) ቃርን እንደቀነሰ ማሳየቱን ነግራኝ፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ስኳሩ እንዳይወርድበት መጠንቀቅ እንዳለበት አከለች። ዝንጅብል በጥቂቱ ለማቅለሽለሽ ጥሩ ነው፤ ሲበዛ ግን ራሱ ቃር ያመጣል። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ መጠጣትን እንደ ኬሚስት እኔው ራሴ ትቼዋለሁ፤ አሲዱን ለቅጽበት ያረክሰውና በሚፈጠረው ጋዝ ጨጓራን ነፍቶ በሩን ይከፍታል፤ ሶዲየሙም ለግፊት ታማሚ አይሆንም። በመስኮቱ በሸጡልኝ ዱቄትና በዚህች ልጅ ምክር መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው፤ አንደኛው ሁሉን ያድናል ብሎ ይሸጣል፣ ሌላይቱ እያንዳንዱ ነገር የሚደርስበትን ወሰን ታሳያለች።

ይህን የማጠብቀው ባሬት ካለብኝ በኋላ ስለ ቃር ያወቅሁት አንድ ነገር ስላለ ነው። የተለወጠው ሽፋን ለአሲድ ያለው ስሜት ከጤነኛው ያነሰ ነው፤ ስለዚህ አንዳንድ ሰው ቧንቧው እየተለወጠ ሳለ ቃሩ እየቀነሰለት ይሄዳል፤ «ተልባው አዳነኝ» ወይም «ዱቄቱ አጸዳልኝ» ብሎ ክትትሉን የሚያቋርጠውም ያኔ ነው። ተልባው፣ ደብተሩ፣ የአልጋው ጉማጅ፣ አተነፋፈሱ፣ ሌላው ቀርቶ ኦሜፕራዞሉ ማቃጠሉን ዝም ሊያሰኙልኝ ችለዋል፤ ሽፋኑ ምን ላይ እንዳለ የሚያሳየው ግን ኢንዶስኮፒና ናሙናው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች መመሪያ ዲስፕሌዥያ ለሌለበትና ርዝመቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር ላነሰ ባሬት በየ5 ዓመቱ፣ 3 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ለሆነው ደግሞ በየ3 ዓመቱ ኢንዶስኮፒ እንዲደገም ይመክራል። ሐኪሙ የእኔን በአምስተኛው ዓመት ቀጥሮታል። ዲስፕሌዥያ ቢገኝ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ ያን የተለወጠ ሽፋን በኢንዶስኮፕ ማንሳት ወይም በሙቀት ማቃጠል ይቻላል፤ ይህ ደግሞ ከክሊኒኩ አቅም በላይ ነው።

ሌሎች ጉድለቶችን በአጭሩ ልጥቀስ። ክሊኒኩ የራሱ ኢንዶስኮፒ የለውም፤ ይህ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ወደ ሌላ ቦታ ሲልክ በሪፖርቱ ላይ የተለወጠው ሽፋን ርዝመትና የተወሰዱት ናሙናዎች ብዛት እንዲጻፍ በደብዳቤው መጠየቅ ነበረበት፤ የእኔ ሪፖርት ርዝመቱን የያዘው በአጋጣሚ ነው። የሦስት ወሩ ክፍያ በአንድ ጊዜ የሚጠየቅ ሲሆን ከአንድ መምህር የወር ደመወዝ ሩብ ያህሉን ይወስዳል። መዝገቡ በወረቀት ነው፤ አንድ ጊዜ ጠፍቶ ግማሽ ቀን ተፈልጓል። ዝናብ በሚጥልበት ቀን ከአጂፕ ሰፈር በባጃጅ መጥቶ ሁለት ሰዓት በጠባብ በረንዳ ላይ መጠበቅ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው፤ ጅማ ደግሞ የማትዘንብበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ከአሥር ነጥብ ብሰጥ ለሐኪሙ ዘጠኝ፣ ለሥነ ምግብ ባለሙያዋ አሥር፣ ለአተነፋፈሱ ስድስት፣ ለመደርደሪያው ዜሮ እሰጣለሁ። በዓመቱ 7 ኪሎ ቀንሻለሁ፤ ቃሩ በሳምንት ከአምስት ሌሊት ወደ በወር አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ወርዷል፤ የቢ12 ምርመራዬም ደኅና ነው። ለሁለተኛ ዓመት ተመዝግቤያለሁ። ለዓመታት ቃር ያለበት፣ በተለይም ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነ፣ የሚያጨስ ወይም ያጨሰ፣ ወገቡ የሰፋ ወንድ ከሆነ ኢንዶስኮፒ ሳይታይ ይህን ክትትል ባይጀምር ይሻለዋል። የሚሄድ ሰው የፓቶሎጂ ውጤቱን ኮፒ፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነዕቃቸውና ቤቱ ያሉትን ዕፅዋት ጭምር ይዞ ይሂድ፤ ሐኪሙ ሁሉንም አንድ በአንድ ያያል።

ባለፈው ሳምንት ለምዝገባ ስሄድ ነጩ ዕቃ አሁንም መደርደሪያው ላይ ነበር። አዲስ የሆነው ከጎኑ «ከሐኪምዎ ጋር ይመካከሩ» የሚል ወረቀት መለጠፉ ነው፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ግን ከፊቴ ለነበሩት ሴትዮ አንዱን እያነሳች «ያጸዳል» ስትላቸው ሰማኋት።